ባዶ ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው

አሳፍ ላውሪ በፈረንጆች 1818 መጋቢት ከዋሽንግተን በፔንሲልቬንያ ወዳለችው ከተማው ሎረል ሚል ሲመለስ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር። አራት ቀን ሙሉ በሰረገላ ውስጥ ከአንድ የከብት ነጋዴና ትንባሆ ማኘክ ከማይታክተው ሰባኪ ጋር ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ መጣ። ሚስቱ ቲርዛ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሊስማት ጠጋ ሲል በመሐረቧ አፍንጫዋን ያዘች።

«የጌታ ያለህ! ልብስህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ምክር ቤቱ ነው» አላት።

ቀልድ አልነበረም። ለአገር ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ትንባሆ በጉንጫቸው ወትፈው እያኘኩ ምንጣፉ ላይ ይተፋሉ። ከሁለት ወር በኋላ ምንጣፉ ጫማ ይዞ አልለቅም ማለት ይጀምራል። አንዱ እንደራሴ ስለ ነጻነት ቆሞ ሲናገር፣ ሌላው ከኋላው ጉሮሮውን ጠርጎ ይተፋል፤ ተናጋሪውም «ነጻነት» ካለ በኋላ ዞር ብሎ ኮቱ ጫፍ ላይ እንዳረፈበት ያያል። በኪራይ ቤት አንድ አልጋ ለሁለት ነው። አሳፍ የብርዱን ወራት ያሳለፈው ቦት ጫማውን ሳያወልቅ ከሚተኛ፣ በእንቅልፉ ድምፅ ከሚሰጥ የጆርጂያ ሰው ጋር ነበር። ሰውዬው ሌሊት «እቃወማለሁ!» እያለ ይባንናል፤ ቀን ላይ ግን አንድም ነገር ሲቃወም አልታየም።

እንዲህ ያለ ነገር ማንንም ያጥወለውላል፤ አሳፍን ግን የሚያመው በሌላ ምክንያትም ነበር። እሱ ከሽታ ሸሽቶ ነው ሕግ የተማረው።

አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ልጅነቱን ያሳለፈው በኖራና በውሻ አር በተዘፈዘፈ ቆዳ መካከል ነው፤ እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድ ሳሙና ብትፈትገውም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ከአጠገቡ ያሉት ልጆች ፈቀቅ ይሉ ነበር። በአሥራ ስምንት ዓመቱ «እጄ ሁለተኛ እንዲህ አይሸትም» ብሎ ከአንድ ሽማግሌ ጠበቃ ዘንድ ገባ። ሦስት ዓመት የክስ ጽሑፍ ገለበጠ፣ ምድጃ አነደደ፣ የሽማግሌውን መጻሕፍት በራሱ ጊዜ አነበበ። አንድ ዳኛ ምሳ እየበሉ፣ በጉርሻ መካከል ሦስት ጥያቄ ጠየቁትና ጠበቃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፀደይና መኸር ከአንዱ አውራጃ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው በፈረስ መዞር ነበር። ጠበቆች ሦስት ሆነው በአንድ አልጋ ያድራሉ፤ ችሎት ላይ «ሌባ! ውሸታም!» የተባባሉት ማታ በአንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ። አሳፍ ጠዋት ለአንዱ ጎረቤት አጥር ተከራክሮ ከሰዓት በኋላ የሌላውን አጥር ሲቃወም፣ ያልተሰማውን ነገር እንባ እየተናነቀው መናገር ሲለምድ፣ የቆዳው ሽታ ትዝ ይለው ጀመር። ቆዳ እንኳ ቢሸትም መጨረሻው ጫማ ነው። ይሄኛው ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር።

በዚያ ሁሉ ዘመን ያላፈረበት ሥራ አንድ ነው፤ እሱም የኬዝያ ጉዳይ ነው።

ኬዝያ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በዝናብ፣ ጓዟን ተሸክማ ከደቡብ በኩል በሚመጣው መንገድ ሎረል ሚል ገባች። ግራ እጇ አንጓ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። በከተማው ዳርቻ ካለው ምንጭ አጠገብ አንዲት መበለት ጎጆ አከራየቻትና የሰው ልብስ ታጥብ ጀመር። አንድ ቀን አሳፍ ቢሮ መጥታ «ነጻ ሰው መሆኔን የሚናገር ወረቀት እፈልጋለሁ» አለችው። የት እንደተወለደች ጠየቃት። ግድግዳውን እያየች «ሩቅ» አለች። የሜሪላንድ ወሰን ሁለት ሰዓት የፈረስ መንገድ ነው፤ ከወሰኑ ወዲያ እንደ እሷ ያለ ጥቁር ሰው እንደ ከብት ይሸጣል። አሳፍ ሁለተኛ አልጠየቃትም። ነጻነቷን የሚመሰክሩ ሁለት ሽማግሌዎች ፈለገ፤ ፍርድ ቤቱም ማኅተሙን አኖረበት። ከዚያ ወዲህ ኬዝያን መንገድ ላይ ባየ ቁጥር ጀርባው ቀና ይል ነበር።

ለምክር ቤት ያስመረጠው የሚስቱ ወንድም ኤብነር ካይል ነው። ኤብነር ባለ ሱቅ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ውስኪ ያወጣል። በምርጫው ቀን ፍርድ ቤቱ ደጅ ሦስት በርሜል ውስኪ አንከባሎ አቆመ፣ አንድ በሬ ሙሉውን አስጠበሰ። ሕዝቡ እስኪያስመልሰው በላ፤ አስመልሶም ተመልሶ በላ። አንዱ ፊቱን የበሬው ስብ ውስጥ ደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። ሌሎቹ ጮማ ባወዛው እጃቸው የአሳፍን እጅ እየጨበጡ «አሳፍ! አሳፍ!» አሉ። ያን ቀን የተሰማው ኩራት ነበር። አሁን ሲያስታውሰው ራሱን ይጸየፋል።

እንደራሴ ከሆነ ወዲያ ስሙ ዋጋ አወጣ። ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው የመላኪያውን ከራሱ ኪስ በሚከፍልበት አገር፣ የእንደራሴ ስም ያረፈበት መጠቅለያ ያለ ክፍያ ይሄዳል። ሕጉ ለራሱ ለእንደራሴው ደብዳቤ ብቻ ነው የፈቀደው፤ ግን ማን ይጠብቀዋል? ሁሉም እንደራሴ ባዶ መጠቅለያ ላይ እየፈረመ ለወዳጅ ለዘመድ ያድላል። አሳፍም አደለ። ለከተማው ሰባኪ፣ ለፈረስ ነጋዴው፣ ልጇ ኦሃዮ ለሄደባት ሴት። ባለፈው ታኅሣሥ ወደ ዋሽንግተን ሊሄድ ሲነሣ ኤብነር ስልሳ ወረቀት ይዞ መጣ። አሳፍ ብርድ መትቶት እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ስለ ሌላ ነገር እያሰበ «ነጻ፤ አሳፍ ላውሪ»፣ «ነጻ፤ አሳፍ ላውሪ» እያለ ስልሳውንም ፈረመለት።

ከተመለሰ በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ንጹሕ ኮት የለበሰ ሰው ቢሮው ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ክቡር እንደራሴ፣ ሎይድ ታስከር እባላለሁ፤ ከሜሪላንድ ነኝ። ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ደብዳቤዎ ነዋ! የላኩኝ ሰው ሲያነቡት እንባ ነው የቀራቸው። ጠበቃዋ ሆነው ሳለ እውነትን መረጡ። 'ፔንሲልቬንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው አለ ወይ?' ነው ያሉት።»

አሳፍ አልገባውም። ታስከር ከደረት ኪሱ አንድ ደብዳቤ አውጥቶ በሁለት እጁ፣ እንደ ቅዱስ ነገር፣ ዘረጋለት። መጠቅለያው ላይ የገዛ እጁን ጽሑፍ አየ፤ «ነጻ፤ አሳፍ ላውሪ»። ውስጡን ገለጠ። «እዚህ ኬዝያ የምትባለው ሴት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአባትዎ ዘንድ የጠፋችው ባሪያ፣ ሱኪ ናት፤ ግራ እጇ አንጓ ላይ ጠባሳ አላት፤ ከምንጩ አጠገብ ልብስ ስታጥብ ያገኟታል» ይላል። ፊርማ የለውም። ጽሑፉን ግን አሳፍ ያውቀዋል። እንደ ሰከረ ሰው ወደ ቀኝ የሚያዘነብል፣ በሱቁ ጆንያ ሁሉ ላይ የሚያየው የኤብነር ጽሑፍ ነው።

«አሁን የት ናት?» አለ።

«ሸሪፉ ጋ ታስራለች። ዛሬ ማለዳ ገንዳዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች ነው የያዝናት፤ ምንም አላስቸገረችን። ነገ ዳኛ ብሬንማን ፊት እንቀርባለን። እኔ በዓይኔ አይቻት የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ያለኝ የርስዎ ደብዳቤ ነው። 'አዎ፣ የእኔ ነው' ይበሉልኝ፣ ከዚያ እኔም አላደክምዎ።»

ታስከር ጎንበስ ብሎ እጁን ጨበጠው። መዳፉ ለስላሳና ሙቅ ነበር። ሲወጣ አሳፍ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገው፤ ጠረገው፤ ተነሥቶ ባርኔጣውን እንኳ ሳያደርግ ወደ ኤብነር ሱቅ ሄደ።

«አማቼ!» አለ ኤብነር ከባንኮኒው ጀርባ። «ና ግባ! ጥሩ የሸንኮራ ሞላሰስ መጥቶልኛል፤ ለእህቴ ትንሽ ላድርግልህ።»

«ኬዝያ ምን አደረገችህ?»

«እኔን? ምንም። ደግ ሴት እኮ ናት። ሸሚዜን እንደ እሷ አድርጎ የሚያጥብልኝ የለም።»

«ታዲያ?»

ኤብነር የሞላሰሱን ክዳን ገጠመ። ጣቱን ላሰ። «ምንጩ ላይ ተቀምጣለች፣ አሳፍ። ያን ውሃ ለመጥመቂያዬ ስንት ዓመት ለመንኩ? መበለቲቱ 'ኬዝያ እስካለች አልሸጥም' አለችኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ገፍትሬ ላስወጣት? እንደዚያ ያለ ሰው አይደለሁም። ትንባሆ የምጠቀልልበት አሮጌ የባልቲሞር ጋዜጣ ላይ፣ ስለ ጠፋች ባሪያ በወጣ ማስታወቂያ፣ ጠባሳዋን ሳነብ ጊዜ፣ ሕግ አለ አይደል፣ ለሕግ ተውኩት።»

«በእኔ ስም!»

«ስምህን እኔ አልጻፍኩም። የእኔንም አልጻፍኩም። መጠቅለያው ላይ ያለውን ማን ጻፈው? እጅህን ይዤ አስፈረምኩህ?»

«ነገ እናገራለሁ።»

«ምን ብለህ?» ኤብነር ከልቡ ያዘነለት ይመስል ነበር። «'ሳላይ ነው የምፈርመው' ብለህ? ሕግ አውጪው ሕግ አፍራሽ ነኝ ብለህ? እኔን ሌባ ልታደርግ፣ ራስህን ከወንበርህ ልታወርድ? ይልቅ ስማኝ። ፊርማው የኔ አይደለም፣ አስመስለው ነው በል። እሷም ትፈታለች፣ አንተም ትድናለህ።»

«ማን አስመሰለው ቢሉኝስ?»

«የፖስታ ቤቱ ሽማግሌ አለ አይደል? ደብዳቤው በእሱ እጅ ነው ያለፈው። ዓይኑም አያይ፣ ልጅም የለው፤ ምን ያደርጉታል?»

የእንደራሴን ፊርማ አስመስሎ የሠራ ምን እንደሚደርስበት አሳፍ ያውቃል። ከሱቁ ወጥቶ መንገዱን ሲሻገር፣ ከኤብነር ደጅ እስከ ፈረስ ጫማ ሠሪው ድረስ ባለው ርቀት፣ ነገሩን አሰበበት። በእርግጥ አሰበበት፤ ሽማግሌው ምን እንደሚመልስ፣ ዳኛው ምን እንደሚል ሁሉ አሰላ። ከዚያ ቆመና ያሰበውን ነገር አየው። በሕይወቱ ሙሉ የቆዳ ገንዳ ውስጥ ካየው ሁሉ የሚከፋ ነገር ነበር፤ ያለው ደግሞ የራሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ቤት ገብቶ ለቲርዛ ነገራት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

«ወንድሜ ነው» አለች። «እናቴ ስትሞት እሱን በእጄ ነው የጣለችብኝ።»

«እሷስ?»

«ለምን ትነግረኛለህ? አሁን ስለነገርከኝ ልከለክልህ ነው። ሳትነግረኝ ብታደርገው ኖሮ አልቅሼ ዝም እል ነበር።» የላጠችውን ድንች ውሃ ውስጥ ጣለችው። «ሂድ፤ ሴትየዋ የምትበላው ነገር ውሰድላት።»

የበቆሎ ቂጣና ቁራጭ የአሳማ ሥጋ ይዞ ፍርድ ቤቱ ሥር ወዳለው የድንጋይ ምድር ቤት ወረደ። ኬዝያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ ከውሃ ብዛት የተጨማደዱ ነበሩ፤ ጠዋት ስትያዝ ያደረገችው ሽርጥ ገና አልደረቀም።

«ማን ነው የነገራቸው፣ አቶ ላውሪ?»

ለዚህ ጥያቄ ነበር ደረጃውን ሲወርድ መልስ ያዘጋጀው። «አላወቅሁም» አለ።

«እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ» አለችው። ቂጣውን ከሁለት ቆርሳ ግማሹን በሽርጧ ቋጠረች። «ሰውየው 'ጠበቃሽ ነው የጻፈልን' ሲለኝ ሳቅሁበት።»

አሳፍ ደረጃውን ወጥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ችሎቱ ሞላ። እርጥብ ሱፍ፣ ፍግ የረገጠ ጫማ፣ ያደረ ውስኪ፤ የሰው ትንፋሽ መስኮቱን አላበው። ሰዉ የመጣው ኬዝያን ወዶ አይደለም። ብዙዎቹ ከሷ ጋር በአንድ ወንበር አይቀመጡም። ሆኖም የሜሪላንድ ሰው ገመድ ይዞ ወሰን ሲሻገር ደማቸው ይፈላል፤ ድሮ የጠፋ ላምም በዚያው በኩል ነው የሄደው። ዳኛ ብሬንማን ዋልነት የሚሉትን ለውዝ እየሰበረ ያዳምጣል። ታስከር የላኩትን ሰው ቃለ መሐላ አነበበ፤ ቀጥሎም ደብዳቤውን አቀረበ።

«አቶ ላውሪ» አለ ዳኛው፣ «ይህ ፊርማ የርስዎ ነው?»

አሳፍ ተነሣ። ኤብነር ከፊት ተቀምጦ፣ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ፣ በአገጩ 'አይደለም በል' ይለዋል። ቲርዛ አልመጣችም። ኬዝያ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። ያ ነው ያቃጠለው።

«የእኔ ነው» አለ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ታስከር ራሱን ነቀነቀ፣ እንደሚያመሰግን።

«ደብዳቤው ግን የእኔ አይደለም። እኔ የፈረምኩት ባዶ መጠቅለያ ላይ ነው። ሕጉ እንደማይፈቅድ እያወቅሁ ፈረምኩ።»

«ሳያነቡ?»

«የሚነበብ ነገር አልነበረበትም።»

አንዱ ከኋላ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ስንት ፈረሙ?»

«አልቆጠርኩም። ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጥቻለሁ። እዚህ ከተቀመጡት ግማሾቹ ቤት ይገኛል።»

«ይህን የጻፈውን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። ኤብነር ካይል ነው፤ የሚስቴ ወንድም።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ዞሮ ኤብነርን አየው። ኤብነር ተነሥቶ ዙሪያውን ቃኘ። ለሃያ ዓመት ጨውና ጨርቅ የሸጠላቸው ፊቶች ናቸው፤ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እኔ? ክቡር ዳኛ፣ እኔ ይህን ጽፌ ከሆነ እጄ ይቆረጥ! በዚህች በደግ ሴት ላይ? ሸሚዜን የምታጥብልኝን? አይቼውም አላውቅ! ይህ የሜሪላንድ ሰዎች ተንኮል ነው!»

«አዎ! ተንኮል ነው!» አለ ሕዝቡ።

ዳኛ ብሬንማን ደብዳቤውን ከኤብነር የእጅ ጽሑፍ ጋር ላመሳክር ብሎ አልተነሣም። ምሳ ሰዓት ደርሷል። የዋልነቱን ቅርፊት ከካባው ላይ አራገፈ። «አንዱ የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው ይላል፤ ሌላው የእኔም አይደለም ይላል። ባለቤት የሌለው ወረቀት አይመሰክርም። አቶ ታስከር፣ ይህችን ሴት በዓይኑ የሚያውቃት ምስክር አለህ?»

«ጠባሳው አለ፣ ክቡር ዳኛ፤ ግራ እጇ ላይ...»

«ጠባሳ?» ዳኛው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየ። «ይኸው እኔም አለኝ። እኔንም ትወስደኛለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኬዝያን ለቀቋት። ወደ በሩ ስታልፍ ኤብነርን አላየችውም፤ ከእሱ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። አሳፍ ፊት ግን ቆማ፣ አዲስ ሰው እንደምታይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችውና ሄደች።

አሳፍን ሰዎቹ እጅና እግሩን ይዘው ወደ መጠጥ ቤቱ ወሰዱት። ሊታሰር፣ ሊሰደብ፣ ከወንበሩ ሊወርድ ተዘጋጅቶ ነበር። እነሱ ግን ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ ብርጭቆ ያስጨብጡታል።

«አንተ ቀበሮ! አንዱ 'ያንተ ነው'፣ ሌላው 'የኔ አይደለም'! የሜሪላንዱ ሰውዬ መሃል ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ እኮ!»

«ስንት ቀን ተለማመዳችሁት? እውነቱን ንገረን!»

«ኤብነር 'እጄ ይቆረጥ' ሲልማ እኔ ራሴ ላምነው ነበር!»

«እኔ እውነቴን ነው የተናገርኩት» አለ አሳፍ።

ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። አንዱ ሲስቅ የጠጣው በአፍንጫው ወጣ። እንደገና «በእግዚአብሔር ስም፣ ደብዳቤውን የጻፈው ኤብነር ነው!» ሲል ጩኸቱ ባሰ፤ «ይኸው አሁንም አልተወውም!» ተባለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ትከሻውን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «በጥቅምት አንተን ነው የምመርጠው፣ ልጄ» አለው። «እንዲህ አድርጎ የሚዋሽ ሰው ነው ዋሽንግተን የሚያስፈልገን።»

ኤብነር ክንዱን አንገቱ ላይ ጣለ። ትንፋሹ ውስኪና ሽንኩርት ነው። «አየህ?» አለ በጆሮው። «አልተቀየምኩህም። ሁላችንም አተረፍን።»

አሳፍ በጓሮ በር ወጥቶ ጋጣው ጀርባ፣ ግድግዳውን ደግፎ፣ ሆዱ ባዶ እስኪሆን አስመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከዚያ በፊት አግኝቶ በማያውቀው የድምፅ ብዛት ተመረጠ። ወደ ዋሽንግተንም ሄደ።

ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። ከችሎቱ በማግሥቱ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ወደ ምንጩ ወረደ። ኤሊሁ የሚባል ሽማግሌ፣ ባርነትን የሚያወግዙት የኩዌከር ክርስቲያኖች ወገን፣ ለዳኛም ለገዥም ባርኔጣውን የማያወልቀው፣ ጋሪውን ደጃፏ ላይ አቁሟል። ኬዝያ ካውያዋን በጨርቅ ጠቅልላ ትጭናለች። ገንዳዎቹ ከባድ ስለሆኑ ትታቸዋለች።

«መሄድ የለብሽም» አላት አሳፍ። «ተፈትተሻል እኮ። ወረቀት አለሽ።»

«ያለሁበትን አውቀዋል» አለች ሳትዞር። «በሚቀጥለው ጊዜ የሚያውቀኝን ሰው ይዘው ነው የሚመጡት። እሱ ደግሞ አይሳሳትም።»

አሳፍ ሰማት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «የት ተወለድሽ?» ለሚለው ጥያቄው የሰጠችው እውነተኛ መልስ ይህ ነበር።

«ምድር ቤት ስትጠይቂኝ አላወቅሁም ያልኩሽ...»

«ያውቁ ነበር። ትናንት ሰማሁ።» አሁን ዞረች። «ሰዉ ሁሉ ዋሽተው አዳኑኝ ይላል። እኔ ብቻ ነኝ እውነትዎን እንደሆነ የማውቀው። አቶ ላውሪ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀት ላይ መስቀሌን ከማኖሬ በፊት ሦስት ጊዜ ነው የማስነብበው፤ በሦስት የተለያየ ሰው። እርስዎ ማንበብ እየቻሉ!»

ኤሊሁ የበቅሎዋን ልጓም ያስተካክል ነበር፤ ሰምቶ እንዳልሰማ።

«ወዴት ነው የምትሄጂው? የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ...» አላት አሳፍ።

«ለርስዎ ልናገር?» አለች ኬዝያ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «እርስዎ እጅ የገባ ነገር አይቆይም።»

ጋሪው ላይ ወጥታ ጓዟ መካከል ተቀመጠች። ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ አልያዘችውም። ከምንጩ በላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ወንዙ፣ አንዱ ወደ ተራራው ነው። ጋሪው መገንጠያው ላይ ከመድረሱ በፊት አሳፍ ፊቱን ወደ ጎጆዋ ግድግዳ አዞረ። ማን ቢጠይቀው፣ ማን ቢያስምለው የሚናገረው እንዳይኖረው፣ የመንኮራኩሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ የተመረገውን ጭቃ እያየ ቆመ። የጭቃው ስንጥቅ ውስጥ የሳሙና አረፋ ደርቆ ነበር።

«አማቼ! በማለዳ ተነሥተሃል!»

ኤብነር በሣሩ ላይ እየተራመደ መጣ፤ ስለ ምንጩ ግዢ ከመበለቲቱ ጋር ትናንት ማታውኑ ተነጋግሮ ጨርሷል። ክንዱ ላይ የመለኪያ ገመድ ጠምጥሟል። ጎንበስ ብሎ ከምንጩ ውሃ በመዳፉ ቀድቶ ቀመሰና ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው።

«እስቲ ይህን ጫፉን ያዝልኝ» አለ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ።

አሳፍ የሚያስበው ስለ ጋሪው ነበር። ገመዱ እጁ ውስጥ መሆኑን ያወቀው ኤብነር ከምንጩ ማዶ ሆኖ «ጠበቅ አድርገው እንጂ!» ብሎ ሲጮህበት ነው።